አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዴት ይገኛል? በነጻ ነው፣ መብትም ነው

«ደም ብዛት አለብኝ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትወስዱት ሐኪሙ የሚሰማው «ደሜ በዝቷል» የሚል ነው። «የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር» ብትሉት ከወፍ የተላለፈ በሽታ ይመስለዋል፤ እኛ ግን የጉበቱን፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ማለታችን ነው። «ጎኔን ወጋኝ» ብትሉት ደግሞ «ማን ወጋህ?» ብሎ ፖሊስ ለመጥራት ምንም አይቀረው። የመጨረሻዋ ለፈገግታ ናት፤ የቀሩት ግን ያን ያህል አያስቁም።

አሜሪካ ካሉ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተዋል፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፣ ልጅ ሥራ ላይ ነው፤ ማን ያስተርጉምላቸው? መልሱ አጭር ነው፦ ሆስፒታሉ። ክፍያውም በሆስፒታሉ ነው። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው፤ የሚያውቀውም እንዴት እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ከሕጉ ጀምረን እስከ አቤቱታው ድረስ በአንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ሴቭ አድርጉት።

ሕጉ ምን ይላል?

መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የዚህ ሕግ ክፍል 6 ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በመጣበት አገር እንዳያገል ይከለክላል። «ቋንቋስ?» ካላችሁ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ ምንም እገዛ ሳያደርጉ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይህን ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል።

በጤና በኩል ነገሩን ያጠበቀው «ኦባማኬር» የምንለው የ2010ሩ የጤና ሕግ ነው። አንቀጽ 1557 ሜዲኬር፣ ሜዲኬይድ ወይም ሌላ የፌዴራል የጤና ገንዘብ የሚቀበሉትን ሁሉ ይመለከታል። ያ ማለት ሆስፒታሎችን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ አብዛኞቹን ክሊኒኮች፣ ብዙ ፋርማሲዎችንና የኢንሹራንስ ድርጅቶችን ጭምር ነው። የፌዴራል ገንዘብ የማይነካ ትንሽ የግል ክሊኒክ ግን ከዚህ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

በ2024 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ለእኛ የሚጠቅሙ ግልጽ ነገሮች አሉት። አስተርጓሚው በነጻና በጊዜው መቅረብ አለበት። ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ የሚያውቅ፣ የሕክምና ቃላት የሚገቡት፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያስተላልፍ፣ ምስጢር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ሆስፒታሉ «አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ» ሊላችሁ አይችልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሆኖ ሌላ ሰው ወዲያው ካልተገኘ በቀር። አዋቂ ቤተሰብም ቢሆን ከድንገተኛ አደጋ ውጭ የሚያስተረጉመው፣ ታካሚው ራሱ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ብቁ አስተርጓሚ ባለበት «እሱ ያስተርጉምልኝ» ሲል፣ ቤተሰቡም ሲስማማ ነው።

አንድ ማስተካከያ። በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ከፈረሙ በኋላ «አስተርጓሚ ቀረ» የሚል ወሬ በየቲክቶኩ ሲዞር አይተናል። ትእዛዙ የሻረው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን ትእዛዝ እንጂ የ1964ቱን ሕግም ሆነ አንቀጽ 1557ን አይደለም። እነዚህ ኮንግረስ ያጸደቃቸው ሕጎች ናቸው፤ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም። ሪሴፕሽን ላይ «አሁን እኮ ቀርቷል» የሚላችሁ ካለ ይህንኑ ንገሩት።

«ልጄ እንግሊዝኛ ይችል የለ?»

ይችላል። ችግሩ የእንግሊዝኛው ብቻ አይደለም።

በሕክምና አስተርጓሚዎች ሥልጠና ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ ዊሊ ራሚሬዝ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ የሰሙት ግን ሰክሯል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል የሚለውን ተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንደዚያ አድርገው አከሙት። እውነቱ ሲገኝ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ካሳውም በዕድሜ ልክ ሲሰላ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሏል። እኛን የሚያስደነግጠን ገንዘቡ አይደለም። ማንም «አስተርጓሚ ይጠራ» አላለም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የተግባባ መስሎታል።

አማርኛችን እንዲህ ያሉ ወጥመዶች ሞልተውበታል። «ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። «እናቴ በነቀርሳ ነው ያረፈችው» የሚል ታካሚን የቤተሰብ ታሪክ ሐኪሙ የትኛው ብሎ ይጻፍ? «ኪንታሮት» የፊንጢጣውም ነው፣ ቆዳ ላይ የሚወጣውም ነው። «አልማዝ ባለጭራ»ን የማያውቅ ልጅ ስለ ጌጣጌጥ ሊያወራ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው «ኩላሊቴን» ይላል፤ ኩላሊቱ ግን ደህና ነው። ብርድ መታኝ፣ ምች መታኝ የሚባሉትማ እንግሊዝኛ የላቸውም፤ ደህና አስተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ለሐኪሙ ይነግርና ታካሚው ምን ምን ምልክት እንዳለው እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚከፋው «ጨጓራዬ ነው» የምንለው ነገር ነው። ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ እኛ ዘንድ ጨጓራ ነው። የልብ ድካምም ሆነ የልብ ደም ሥር መዘጋት አንዳንዴ ልክ እንደ ጨጓራ ነው የሚጀምረው። «ጋስትራይተስ ነው ትላለች» ብሎ ያስተረጎመ ልጅ ሳያውቀው ምርመራውን ራሱ ጨረሰው ማለት ነው። አስተርጓሚው ማለት የነበረበት የሚያመው የት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረና ወደ ትከሻ ወይም ወደ እጅ የሚሄድ እንደሆነ እናትየው ያሉትን እንዳለ ነው።

ሰዓቱም አለ። ሐኪሙ «በ8 ሰዓትና በ8 ሰዓት» ብሎ መድኃኒት ሲያዝዝ ጠዋትና ማታ ማለቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት። ልጁ ቸኩሎ «በ8 በ8 ውሰጂ» ካለ፣ ሰዓቷን እንደ አገር ቤት የምትቆጥር እናት ከቀትር በኋላና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልትወስደው ነው። ኢንሱሊን ከሆነ አስቡት። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ካርድ ላይ ሁለት የተለያየ ሰው ይፈጥራል። ፓስፖርት ላይ ያለውን ብቻ ተጠቀሙ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ከቋንቋ ይልቅ የፍቅር ችግር ነው። በእኛ ባህል ክፉ ወሬ ለታካሚው በቀጥታ አይነገርም፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ ነው። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ሲል ልጅ «ትንሽ ኢንፌክሽን ናት ይላል» ብሎ ያልፋል። እናት ምን እንደታመመች ሳታውቅ ኬሞ ትጀምራለች፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ታውቀዋለች። በሌላ በኩል ደግሞ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አለ፦ የማህፀን ሕመም፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ድብርት፣ ቤት ውስጥ የሚደርስባት ድብደባ። የሚያስተረጉመው ልጇ ወይም ባሏ ከሆነ ሐኪሙ አንዱንም አይሰማም። ቤተሰብ አጠገብ ሆኖ እጅ ይያዝ፤ ንግግሩን ለባለሙያው ይተው።

እንዴት እንጠይቅ?

ትክክለኛው ጊዜ ቀጠሮ ሲያዝ ነው። ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትሉት «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ይሁን። ከዚያ «ፕሪፈርድ ላንግዊጅ» በሚለው ቦታ አማርኛ፣ «አስተርጓሚ ያስፈልጋል» በሚለው ደግሞ «የስ» ተብሎ ካርዱ ላይ እንዲመዘገብ ጠይቁ። አንዴ ከገባ በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሱ ይታያቸዋል። የፔሸንት ፖርታል አፕ ካላችሁ ራሳችሁም አይታችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ወላጆቻችሁ ካርዱ ሲሞላ «እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ» ብለው ከሆነ፣ እንግሊዝኛ ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ይህ በጣም የተለመደ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ «አምሃሪክ» ስትሉ «አረቢክ» ብለው የሚሰሙ ብዙ ናቸው። «አርመኒያን» ያለም አይጠፋም። «ኢትዮጵያን ላንግዊጅ» ብላችሁ ጨምሩ፣ ወይም ፊደል በፊደል ንገሯቸው፦ ኤ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ሲ።

የትኛውን ቋንቋ እንደምትጠይቁም አስቡበት። እዚህ ላይ የፋርስኛ ተናጋሪዎች ልምድ ያስተምራል። የኢራኑ ፋርሲና የአፍጋኒስታኑ ዳሪ የአንድ ቋንቋ ሁለት መልኮች ናቸው፤ ይግባባሉ። ሆስፒታል ሲገቡ ግን፣ ሆስፒታል የሚለው ቃል ራሱ ኢራን ውስጥ «ቢማርስታን»፣ አፍጋኒስታን ውስጥ «ሻፋኻና» ነው። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ብዙ አፍጋናውያን አሜሪካ ሲገቡ፣ «ፋርሲ» ተብሎ የቀረበ አስተርጓሚ ለሁሉም አልበቃም። ለእኛም እንደዚያው ነው። «ኢትዮጵያዊ ነሽ? እሺ፣ አማርኛ» ብለው ይመዘግባሉ። አያታችሁ የምታስበው በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ ከሆነ በዚያው ጠይቁ፤ ገበያ ላይ የሚያግባባ አማርኛ ለካንሰር ምርመራ አይበቃም። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሐዲይኛ ከሆነ ግን አስተርጓሚ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው።

ድንገተኛ ክፍል ከሆነ ቀጠሮ የለም፤ እንደገባችሁ ተናገሩ። ብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ ወይም መስኮቱ ላይ በየቋንቋው የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ አማርኛው ላይ ጣት መጠቆም በቂ ነው። 911 ስትደውሉም የቋንቋችሁን ስም ብቻ ደጋግማችሁ ንገሯቸውና ስልኩን አትዝጉ፤ አብዛኞቹ ማእከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ለፋርማሲውም ጠይቁ። ለኢንሹራንሱም፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉ። የአማርኛ ተናጋሪ በብዛት ባለባቸው እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ስቴት ባሉ ቦታዎች ከኢንሹራንስ በሚመጣው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። አማርኛው አንዳንዴ ያስቃል፤ መብቱ ግን እውነተኛ ነው። ዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከተማዋ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የራሷ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ስላለ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶችም በአማርኛ ሊያስተናግዷችሁ ይገባል።

በስልክ፣ በቪዲዮ ወይስ በአካል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብላችሁ የስልክ ወይም ጎማ ያለው ማቆሚያ ላይ የተተከለ የቪዲዮ ታብሌት ነው። ለተራ ክትትል ይበቃል። በአካል የሚመጣ አስተርጓሚ ጠይቁ የምንለው ለቀዶ ሕክምና ውይይት፣ ለካንሰር ውጤት፣ ለወሊድ፣ ለአእምሮ ሕክምና፣ እንዲሁም ጆሮ ለሚከብዳቸው አዛውንቶች ነው። ሆስፒታሉ በአካል የማቅረብ ግዴታ ሁልጊዜ የለበትም፤ ግን ከቀናት በፊት ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ ይሳካል። የስልኩ ድምፅ ከተቆራረጠ ወይም ቪዲዮው ከቆመ ዝም አትበሉ፤ «ሌላ ይደወል» በሉ።

ጎግል ትራንስሌትና ኤአይ? ካፍቴሪያው የት እንደሆነ ለመጠየቅ ይሁን። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ቀዶ ጥገና ስልኩን ዘርግቶ ሊያናግራችሁ ከሞከረ ግን «ኖ ታንክ ዩ» በሉ። ደንቡ ራሱ፣ ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቁ የሆነ ሰው ተርጓሚ ማየት አለበት ይላል።

ሰው ያውቀኛል ብላችሁ ከሰጋችሁ

ይህን ብዙ ሰው በይፋ አያወራውም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ አስተርጓሚው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምታዩት፣ የእድራችሁ አባል ሊሆን ይችላል። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሊወራ ሲሆን ሰው ዝም ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔ አለው። በአካል ሳይሆን በስልክ ይሁንልኝ በሉ፤ የስልክ አስተርጓሚው ሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል፤ ራሱንም ብዙ ጊዜ በመለያ ቁጥር ነው የሚያስተዋውቀው። ሙሉ ስማችሁን ለእሱ መንገር አያስፈልግም። ሴት ትሁንልኝ ማለትም ይቻላል። የምታውቁት ሰው በአካል ከመጣ «ሌላ ሰው ይምጣልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ምክንያት እንድትሰጡም አትገደዱም። አስተርጓሚው የሰማውን እንዳያወጣ የሕክምና ምስጢር ሕጉ ያስገድደዋል።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ

ሐኪሙን እያያችሁ አውሩ፣ አስተርጓሚውን አይደለም። አጠር አጠር አድርጉ፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ቁሙ። አስተርጓሚው «ሆዴን አመመኝ» ቢል የራሱን ሆድ አይደለም፤ ሥራው እንደ እናንተ ሆኖ መናገር ነው። ምክር አይሰጥም፣ ያላላችሁትን አይጨምርም፣ «ተዪው ይሄን አትንገሪው» አይልም። እናንተ አምስት ደቂቃ አውርታችሁ እሱ «ሺ ኢዝ ፋይን» ብቻ ካለ የሆነ ነገር ቀርቷል፤ አስቁሙት።

ለወላጆቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኛ ለሐኪም አክብሮት «እሺ» እንላለን፤ ገብቶንም ሳይገባንም። አሜሪካዊው ሐኪም «እሺ»ን የሚሰማው «ገብቶኛል፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ ነው። «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። የስምምነት ፎርም ሲመጣም አስተርጓሚው አንብቦ በአማርኛ እስኪነግራቸው ድረስ አይፈርሙ።

እምቢ ካሏችሁ

መጀመሪያ ኃላፊዋን ነርስ፣ ቀጥሎ «ፔሸንት አድቮኬት» ወይም «ፔሸንት ሪሌሽንስ» የሚባለውን ቢሮ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል፤ ሪሴፕሽን ላይ «የለንም» ያለችው ልጅ ቁጥሩን አታውቀው ይሆናል። ካልሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የተባላችሁትን ጻፉ። ለአስተርጓሚ ተብሎ ቢል ከመጣባችሁ አትክፈሉ፤ ደውላችሁ እንዲሰረዝ ጠይቁ።

ከዚያ በላይ የሚሄደው አቤቱታ ለፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው። ኦንላይን ወይም በስልክ 1-800-368-1019 ይቀርባል። ጠበቃ አያስፈልግም፣ ክፍያ የለውም። ጊዜው ግን ነገሩ ከተፈጸመ 180 ቀን ነው።

ሌላ አገር ላላችሁ በአጭሩ፦ እንግሊዝ በኤንኤችኤስ፣ ስዊድንም በሕዝብ ጤና ተቋማት አስተርጓሚ ለታካሚው በነጻ ነው፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥ የጤና ሚኒስቴር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በቋንቋው ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ጀርመን ግን ተጠንቀቁ፤ የምልክት ቋንቋ ካልሆነ በቀር መደበኛው የጤና ኢንሹራንስ ሐኪም ቤት ላስተርጓሚ አይከፍልም።

ሁለቱንም ቋንቋ አሳምራችሁ የምታውቁ ወጣቶች ይህን እንደ ሥራ ልታስቡት ትችላላችሁ። በአሜሪካ መነሻው የ40 ሰዓት ሥልጠና ነው። ሁለቱ አገር አቀፍ ሰርቲፊኬት ሰጪዎች እስካሁን የአማርኛ የቃል ፈተና የላቸውም፤ ለእኛ ክፍት የሆኑት «ኮር ሲኤችአይ» እና «ሀብ ሲኤምአይ» የሚባሉት፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፈተናዎች ናቸው። ስለዚህ «ሰርቲፋይድ» የሚል ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ አማርኛው ተፈትኗል ማለት አይደለም።

ከታች ያለውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡላቸው፤ እንደተጻፈው ማንበብ ብቻ ነው።

«አይ ስፒክ አምሃሪክ።» አማርኛ ነው የምናገረው።
«አይ ኒድ አን ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ።» አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።
«ኖት ማይ ፋሚሊ።» ቤተሰቤ አያስተርጉምልኝ።
«አይ ዶንት አንደርስታንድ።» አልገባኝም።
«አይ ዊል ኖት ሳይን የት።» ገና አልፈርምም።